የሲቀላ ገበያ ክንድ

ኃይለመስቀል በአርባ ምንጩ ሲቀላ ገበያ ሸማ ተራ ውስጥ የነበረው ሥልጣን አንድ ብቻ ነበር፤ እሱም ከቀኝ ክርኑ ይጀምርና መሐል ጣቱ ጫፍ ላይ ያልቃል። ነጋዴ አልነበረም፣ ሸማኔም አልነበረም። ኩልፎ ወንዝ ዳር ሙዝ የሚያለማ፣ ከአራተኛ ክፍል በላይ ያልተማረ፣ የቀረውን ትምህርት ከሬዲዮ የቀሰመ ሰው ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ ግን ማንጎው ሥር ዱካ በምትባል በርጩማው ላይ ይቀመጥና ከዶርዜ የወረደውን ጋቢና ቡሉኮ በክንዱ ይለካል። እሱ «ስምንት ክንድ» ካለ ስምንት ነው። ይግባኝ የለም።

ከእሱ በፊት የነበረው አለካክ ጉድ ነበር። ገዢ ሸማ ሊገዛ ሲመጣ ረጅም አጎቱን ይዞ ይመጣል፤ ክንድ በረዘመ ቁጥር የሸማው ቁጥር ያንሳላ። ሻጭም በበኩሏ አጭር አክስቷን አስከትላ ትወርዳለች። አጎትና አክስት ሲሟገቱ ፀሐይ ትጠልቃለች። ረጅም ዘመድ ያልሰጠው ሰው ደግሞ ክረምቱን ሲንቀጠቀጥ ይከርማል። በመጨረሻ የተራው ሽማግሌዎች ተሰበሰቡና «አንድ ክንድ ይበቃናል» ብለው ኃይለመስቀልን መረጡት። ለምን እሱን እንደመረጡ አልነገሩትም። እሱም አልጠየቀም። ክንዴ ለልክ የተፈጠረ ቢሆን ነው ብሎ ራሱን አሳመነ፤ ሰው ራሱን ለማሳመን ምስክር አይቆጥርም።

ከለካለት ሰው አንድም ነገር ተቀብሎ አያውቅም። «እግዜር ይስጥልን፣ ጋሼ» መባሉ ይበቃው ነበር። ይበቃው ነበር ማለት እንኳ ያንሳል፤ ከዚያ ዱካ ላይ ሲነሣ ማን ነው? ሙዝ ያለው ሰው። ኩልፎ ዳር ደግሞ ሙዝ የሌለው ማን አለ?

በ1991 ዓ.ም.፣ ጥምቀት ባለፈ ሰሞን፣ ከሰዓት በኋላ ሬዲዮ ሲያዳምጥ ስለ መለኪያ ታሪክ የሚያወሳ ዝግጅት መጣ። ጥንት አገሮች ሁሉ በሰው አካል ይለኩ እንደነበር፣ የአንዱ አገር መለኪያ ከንጉሡ አፍንጫ እስከ አውራ ጣቱ ነው ይባል እንደነበር፣ ኋላ ፈረንሳዮች ምድርን ራሷን ለክተው ሜትርን እንዳወጡ፣ ከነጭ ብረት ቀርጸውም ቆልፈው እንዳኖሩት ተተረከ። «በአገራችንም» አለ ሰውየው በሬዲዮ፣ «እንደ ክንድ፣ ስንዝርና ቁና ያሉትን የልማድ መለኪያዎች ባለሙያዎች በየአካባቢው እየዞሩ ያጠናሉ...» ኃይለመስቀል ከዚያ በኋላ የተባለውን አልሰማም። ጆሮው እዚያው ነበር፤ ልቡ ግን አዲስ አበባ ገብቶ ነበር።

«ልክነሽ፣ ሊመጡ ነው» አላት ሚስቱን።

ልክነሽ ለወጥ የሚሆን የሀላኮ ቅጠል እየቀነጠሰች ነበር። ቀና አላለችም። «እነማን?»

«የመንግሥት ባለሙያዎች። ክንድ ሊያጠኑ።»

«የማንን ክንድ?»

«በዚህ አገር ሌላ የታወቀ ክንድ ታውቂያለሽ?»

«የታወቀ ክንድ አላውቅም። የታወቀ አፍ ግን አንድ አውቃለሁ።»

«ትቀልጃለሽ! ፈረንሳዮቹ የነሱን በሦስት ቁልፍ ነው የቆለፉበት። ሦስቱ ቁልፍ ሦስት ሰው እጅ ነው።»

«ለአንተ አንድ ገመድ ይበቃሃል።»

«መጽሐፉም አለበት። ኖኅ መርከቡን ሦስት መቶ ክንድ አድርጎ ሠራ። በማን ክንድ ለካ? በራሱ! እግዚአብሔር የሰውን ክንድ አምኗል ማለት ነው።»

«ኖኅ የሚጨነቀው ስለ ውሃ ነበር» አለች ልክነሽ። «አንተም ስለ ውሃ ተጨነቅ። ነገ የመስኖው ተራ የኛ ነው።»

በነገታው ግን ኃይለመስቀል ወደ ሙዙ የወረደው ቀኝ እጁን በነጠላ አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ ነበር። ሊለካ የተዘጋጀ መለኪያ በዶማ አይናወጥም፤ ይህ የራሱ ድንጋጌ ነው። ቦዩን የከፈተችው ልክነሽ፣ የዘጋችው ልክነሽ። እሱ ዳር ቆሞ በግራ እጁ አቅጣጫ ያሳያል። ማታ ማታ ክርኑን ቅቤ ይቀባዋል፤ ሲቀባውም ትንሽ ያፍራል፣ ግን ይቀባዋል።

ጎረቤት የሰማውን ሰማና «ምን አገኘህ?» እያለ ሊጠይቀው ይመጣ ጀመር። አንዲት ሴትዮ ወጌሻ ላምጣ ብለው ተነሡ። ለመንግሥት እያስቀመጥኩት ነው እንዳይል አፉ አልደፍር አለው፤ «ለጥንቃቄ ነው» እያለ ያልፈዋል። ልክነሽ ግን ጠያቂዎቹን እስከ በር ስትሸኝ «አይዟችሁ፣ ሕመም አይደለም፣ ሹመት ነው» ትላቸዋለች።

ቅዳሜ ዕለት፣ ሸማ ተራው ሞቅ ብሎ ሳለ፣ ከንግድ መምሪያው መኪና አንዲት ወጣት ወረደች። ፀደይ ትባላለች፤ ከዩኒቨርሲቲ ከወጣች ገና ነው፣ አርባ ምንጭም ከተመደበች አልቆየችም። በእጇ ቀይ ጨርቅ የተነጠፈበት ረጅም ሳጥን ይዛለች። ኃይለመስቀል ሳጥኑን አየው። ለክንዱ ትንሽ ጠበበው።

ሳምንቱን ሙሉ ሲያሰላስለው የሰነበተ ንግግር ነበረው፤ ከዱካው ሲነሣ ጠፋበት። «ልጄ፣ እንኳን ደኅና መጣሽ። እኔ ተዘጋጅቻለሁ» አለ ብቻ።

ፀደይ የተንጠለጠለውን እጁን አይታ ደነገጠች። «ውይ ጋሼ! ምን ሆነው ነው? ሐኪም አይቶዎታል?»

ተራው በሳቅ ተናወጠ። ኃይለመስቀል ነጠላውን ፈትቶ ምንም እንዳልሆነ ሁሉ ትከሻው ላይ ጣለው።

ፀደይ ሳጥኑን ከፍታ የብረት ሜትር አወጣች። ከእንግዲህ የሸማ ተራው በዚህ እንደሚለካ፣ ክንድም እንደ ልማድ እንደሚጠና አስረዳች። «መለኪያ ማለት» አለች፣ «ዛሬም ነገም፣ ለሻጭም ለገዢም አንድ የሆነ ነገር ነው።»

«የኔ ክንድ እንደዚያው ነው» አለ ኃይለመስቀል። «ከፈለግሽ አመሳክሪው። እነዚህን ሁለት ቡሉኮዎች ጠዋት ለክቻቸዋለሁ። ይህ የወለቴ ነው፣ ያ የኤርጫፎ። ሁለቱም ስምንት ክንድ ናቸው።»

ወለቴ ከዶርዜ የምትወርድ ባሏ የሞተባት ሴት ናት፤ እሷ ትፈትላለች፣ ወንድሟ ይሸምናል። ኤርጫፎ ደግሞ ልጆቹ ሁሉ ሸማኔ የሆኑለት፣ በሀብቱም በቀልዱም የታወቀ ሽማግሌ ነው። ሁለቱም ባሉበት ቆመው ዝም አሉ። ኃይለመስቀል ዝምታቸውን አክብሮት አደረገው።

ፀደይ ብረቷን እንኳ አላነሣችም። አንዱን ቡሉኮ በሌላው ላይ አነጠፈችው። የኤርጫፎ ከወለቴው በታች ስንዝር ከምናምን ወጥቶ ተንጠለጠለ።

ኃይለመስቀል ወደ ላይ አየ፣ ወደ ታች አየ። በመጨረሻ ብረቱን አየ። «ብረት በሙቀት ይረዝማል» አለ። «በሬዲዮ ሰምቻለሁ።»

«እውነት ነው፣ ይረዝማል» አለች ፀደይ በትሕትና። «ግን የሚረዝመው ከፀጉር ባነሰ ነው፤ ስንዝር ድረስ አይሄድም። ደግሞ ብረቱን ገና አልነካሁትም፣ ጋሼ።»

«እንግዲያው እንደገና ልለካው!» የወለቴን ቡሉኮ ወሰደና ጥርሱን ነክሶ ጀመረ። አንድ ክንድ። ሁለት። ይህን ጊዜ ወለቴ ረጅም ትንፋሽ አወጣችና «ይሁን ጋሼ፣ እግዜር ያውቃል» አለች። ሁሉም እያዩት የኃይለመስቀል ጣቶች እንደተነካ ቀንድ አውጣ ወደ ውስጥ ሸሹ። ስምንት ክንድ ሞላ።

«ማነው የሚስቀው?» አለ።

«ጋሼ፣ እኛ እኮ እናውቃለን» አለ ኤርጫፎ።

«ምኑን?»

«ክንድህን ነዋ! ባል ለሌላት ታጥራለች። ለኔ ዓይነቱ ሲሆን ትረዝማለች፣ ትረዝማለች፣ ጫሞ ሐይቅ ልትደርስ ነው እላለሁ። ለዚህ አይደል የመረጥንህ? ትክክል የሚለካ ብንፈልግማ ገመድ ነበረን።»

ሸማ ገዝቶ ሻሸመኔ የሚወስደው አቡበከር ከኋላ ገፋ አድርጎ መጣ። ክርኑ የተበላ ኮት ለብሷል። «እኔስ ይቺን ኮት ለምን የምለብሳት ይመስልሃል? ቤቴ ደኅና ኮት አለኝ፣ ወላሂ! አንድ ቅዳሜ ረስቼ እሱን ለብሼ መጣሁ፤ ክንድህ እንዴት እንዳጠረብኝ አልረሳውም። ከዚያ ወዲህ ይቺ የቅዳሜ ኮት ናት።»

«እኛም እንዲሁ ነን» አለች ወለቴ መሬት መሬት እያየች። «መኪናው ላይ እየሳቅን እንወርዳለን። ሲቀላ ስንደርስ እናዝናለን።»

ኃይለመስቀል ዱካው ላይ ተቀመጠ። ያን ሁሉ ያዘነ ፊት፣ ያን ሁሉ ትንፋሽ አሰበ። እሱ እኮ ማታ ማታ እያንዳንዳቸውን በስም እየጠራ ይጸልይላቸው ነበር። ለአቡበከር ደግሞ ፈጣሪ ኮት እንዲሰጠው ለምኗል። ጸሎቱ ገና ከአፉ ሳይወጣ ተሰምቶ፣ ኮቱ ሻሸመኔ ቁም ሣጥን ውስጥ ተሰቅሎ ነበር ማለት ነው።

ከሁሉ ያልሳቀችው ፀደይ ነበረች። «ለሚቀጥለው ቅዳሜ ተራው ሜትሩን የሚይዝ አንድ ሰው ይምረጥ» አለች። «አንድን ሸማ ማንም ይዞት ቢመጣ አንድ አድርጎ የሚለካ። ፈትኜ አስረክበዋለሁ። ጋሼ፣ እርስዎም መፈተን ይችላሉ።»

እሑድ ቤተ ክርስቲያን ሲያስቀድስ «ሁለት ዓይነት ሚዛን፣ ሁለት ዓይነት መስፈሪያ በእግዚአብሔር ፊት አስጸያፊ ነው» የሚለው ቃል ከየት እንደመጣ ሳያውቀው ልቡ ውስጥ ገባ። ዓመት ሙሉ ቢሰማው የሌላ ሰው ነገር ይመስለው የነበረ ቃል ነው፤ ስኳር ውስጥ አሸዋ የሚቀላቅል የባለሱቅ ነገር። አሁን ክርኑን ነጠላው ውስጥ ደበቀ። ይሁን እንጂ ዱካውን መልቀቅ ሞት መሰለው። ክንድ ካታለለኝ ብረት ይመልሰኛል አለ፤ ብረት አያዝንም።

ፀደይ በሜትሩ ልክ ቀርከሃ እንዲቆርጥ ፈቅዳለት ነበርና በዚያ ሊለማመድ ልክነሽን ለመናት። ነጠላዋን አቀበለችውና ፊቱ ቆመች።

«እኔ ባሏ የሞተባት ሴት ነኝ» አለች።

«ባልሽማ እኔ ነኝ።»

«ለዚህ ነው የማለቅሰው። ለካ!»

ለካ። ሲጨርስ ልክነሽ «አሁን ደግሞ ሀብታም ነኝ» ብላ አገጯን ሰቀለች። እንደገና ለካ። ነጠላው በመካከል አንድ ጋት ተቀነሰበት።

«ቀርከሃው ቀጥ ብሏል» አለች ልክነሽ። «የምትሸበሽበውና የምትወጥረው ጨርቁን ነው። አውራ ጣትህን እያየሁት ነበር።»

«ሳላውቀው እኮ ነው።»

«እሱ ነው የባሰው። አውቀህ ብታደርገው ተው እልህ ነበር። ሳታውቀው የምታደርገውን ማን ያስተውሃል?»

«እስቲ አንቺ ለኪው!» አለና በተራው ፊቷ ቆመ። የቻለውን ያህል ፊቱን አጠቆረ። «እኔ እናት አባት የሌለኝ የሙት ልጅ ነኝ።»

ልክነሽ ቀርከሃውን አንድ፣ ሁለት አድርጋ ጣል ጣል አደረገችውና «ሁለት ሜትር ከሩብ። እግዜር ያሳድግህ» ብላ ነጠላዋን አጥፋ ገባች።

ቅዳሜ ደረሰ። የተራው ሰው ሁሉ ያለ አንድ ተቃውሞ ኃይለመስቀልን አቀረበ፤ ደስታውን ያበላሸበትም ይኸው ነበር። ኤርጫፎ በመሐል ተነሥቶ «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል ይላል አማራ። ጋሼ አንድ ቀን አልበላብንም። ስለዚህ አይሻር!» አለ። አቡበከር አጨበጨበ። ኮቷን ለብሷል።

ፈተናው ቀላል ነበር። ፀደይ የማንም ያልሆነ ጨርቅ ጠረጴዛ ላይ ዘረጋች። የሚተነፍስበት ባለቤት የሌለው ጨርቅ ነው። ኃይለመስቀል ለካው፤ ደግሞ ለካው፤ ሠለሰው፤ ያው ሆነ። «በጣም ጥሩ፣ ጋሼ» አለችና ብረቱን አስረከበችው። እልልታው ቀለጠ። ብረቱ ከገመተው በላይ ይከብድ ነበር። ፀሐዩ ላይ ሲያበራ የኖኅን መርከብ ሠርቶ የጨረሰ ያህል ተሰማው።

የመጀመሪያዋ ባለ ጉዳይ ወለቴ ሆነች። ቡሉኮዋን ዘረጋችለት። ዛሬ አልተነፈሰችም፤ ፊቷን ወደ ወዲያ አዙራ ቆመች። ኃይለመስቀል ብረቱን አጋደመና መለካት ጀመረ፤ መሐል ላይ ሲደርስ አውራ ጣቱ ጨርቁን ቀስ ብሎ ወጠር ሲያደርገው ተሰማው። ለመጀመሪያ ጊዜ ተሰማው። ማንም አላየም። ፀደይ እንኳ የሳጥኑን ክዳን እያበሰች ነበር። የተራው ሰው ያየ ቢኖርም አንድ አይናገርም፤ የመረጡት ለዚህ ነው። ዱካው የእሱ ነው፣ ብረቱ የእሱ ነው፣ ከእንግዲህ ደግሞ መንግሥትም ያወቀው ሐሰተኛ ሊሆን ነው።

ጣቱን አነሣ። ላቡን ጠረገ። «ልጄ» አላት ፀደይን፣ «ይህን ብረት ለልክነሽ ስጪያት።»

«ለማን?»

«ለሚስቴ። ያቻት፣ ሙዝ ትሸጣለች።»

ሸማ ተራው ተንጫጫ። «ኧረ ጋሼ፣ ምን በደልንህ!» አለ አቡበከር። «ልክነሽ እኮ ለእናቷም አታዝንም!»

«ለዚህ ነው» አለ ኃይለመስቀል።

ልክነሽ ተጠርታ መጣች። ነገሩን ሰምታ ባሏን ከእግር እስከ ራሱ አየችው። ልትቀልድበት አፏን ከፍታ ነበር፤ ፊቱን አይታ ተወችው። «ሙዜንስ ማን ይሸጥልኛል?»

«እኔ።»

«አንተማ ትመጸውተዋለህ እንጂ አትሸጠውም» አለች። ግን ብረቱን ተቀበለች። ፀደይ ያንኑ ጨርቅ ዘርግታ እሷንም ፈተነቻት፤ ኤርጫፎ በጎን እየተነፈሰ፣ አቡበከር ኮቱን እያሳየ፣ ያው ሆነ።

ልክነሽ ዱካው ላይ ተቀመጠች። የወለቴን ቡሉኮ ለካችና ቁጥሩን ድምጿን ከፍ አድርጋ ተናገረች። አንሷል። ትንሽ አይደለም፣ በደንብ አንሷል። ወለቴ ቡሉኮዋን ሰብስባ አቀፈችና ከማንጎው ግንድ አጠገብ መሬት ላይ ቁጭ አለች። ኃይለመስቀልም ዱካ ስለሌለው እዚያው ከጎኗ ቁጭ አለ። ያን ሁሉ ዘመን ስታዝን አይቷታል፤ ለምን እንደምታዝን ጠይቋት ግን አያውቅም። ፊት ካየ ይበቃው ነበር፤ ፊት አይቶ ጣቱን ያጥፋል፣ ከዚያ «ቀጣይ!» ይላል።

«ወለቴ፣ እውነቱን ንገሪኝ» አላት። «ይሄ የቅዳሜ ፊት ነው የራስሽ?»

ፈገግ ልትል ሞክራ አልሆነላትም። «ዛሬስ የራሴ ነው፣ ጋሼ።»

«ምን ሆነሽ?»

ነገረችው። የወንድሟ ዓይን ሞራ ይዞታል። ክሩን በጣቱ እየዳሰሰ ነው የሚሸምነው። መጨረሻው የት እንደሆነ ስለማይታየው ሸማውን ሳይደርስ ይቆርጠዋል። ቡሉኮው ማነሱን እሷ ታውቃለች፤ ዓይኔ ደከመ ብሎ መሸመን እንዳይተው ግን ነግራው አታውቅም። ሲቀላ ወርዳ ስምንት ክንድ ሞላ ሲባል፣ ይኸው ስምንት ሞልቶልሃል እያለች ወደ ዶርዜ ትመለሳለች።

ኃይለመስቀል ጆሮውን ሰጣት። በዚያ ያን ያህል በሚመካበት መሐሪ ክንዱ አንድን ሰው ዓይኑ እየጠፋ ደኅና ነህ ሲለው ኖሯል። ሊናገር ፈለገና ተወ፤ ወለቴ ገና አልጨረሰችም ነበር። ስለ ወንድሟ ሚስት፣ ስለ እንሰታቸው፣ ስለ ጎረቤቷ ፍየል ሁሉ ነገረችው። ፍየሏ ከነገሩ ጋር ምን እንዳገናኛት አልገባውም፤ ቢሆንም ሰማት።

ሁለት ሰዎች ከኋላዋ ተሰልፈው ነበር። ቡሉኮአቸው ተለክቶ አንሶባቸው ወይም በዝቶባቸው፣ መናገር ፈልገው።

ልክነሽ የአቡበከርን ጋቢ እየለካች፣ ዓይኗን ከብረቱ ሳታነሣ፣ «ወለቴ!» ብላ ተጣራች።

«አቤት፣ እትዬ።»

«ማክሰኞ ወንድምሽን ይዘሽው ውረጂ። እኛ ቤት ታድራላችሁ፣ በጠዋት ሐኪም ቤት ይታያል። እያዘንሽ እንዳትዘገዪ፣ በጊዜ ነይ።»

ወለቴ አፏን በነጠላዋ ያዘች። ኃይለመስቀል ሚስቱን አያት፤ ለካስ ከሙዙም ከብረቱም ጋር ሆና ስትሰማ ኖሯል። አንድ ደግ ቃል ሊነግራት ከተቀመጠበት ተነሥቶ ወደ ዱካው ጠጋ አለ።

«ኃይለመስቀል» አለች ልክነሽ፣ «ፈቀቅ በል፣ ብርሃን ጋረድክብኝ።»

ፈቀቅ አለ። ወለቴም ከነፍየሏ ወሬ አብራው ፈቀቅ አለች።